በከተማችሁ ስቱዲዮ የሮክ አልበም ስትቀዱ፦ ከልምምድ ክፍል እስከ መጨረሻው ፋይል

ባንድ አላችሁ። ዘፈኖቹ ደርሰዋል። ከተማችሁ ውስጥ አንዲት ትንሽ ስቱዲዮ አለች፤ ባለቤቱን ታውቁታላችሁ፣ ምናልባትም አብራችሁ ተምራችኋል። ጥያቄው አዲስ አበባ ሄደን እንቅዳ ወይስ እዚሁ ነው። እኔ የሐዋሳ ልጅ ነኝ፤ ቤዝ ጊታር እጫወታለሁ፣ ባንዳችንንም የምቀዳው እኔ ነኝ። መልሴ እዚሁ ነው።

ምክንያቴ ብር ብቻ አይደለም። ጊዜ ነው። ድራም፣ አምፕና ጊታር ጭናችሁ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ሄዳችሁ በሰዓት እየከፈላችሁ ስትቀዱ፣ የድራሙ ድምፅ ደስ ባይላችሁም "ይሁን፣ በሚክስ (የተቀዱት ሲቀላቀሉ) ይስተካከላል" ትላላችሁ። አይስተካከልም። በከተማችሁ ግን አንድ ሙሉ ቀን ስኔር (ከሥሩ ሽቦ ያለበት ትንሹ ከበሮ) ላይ ብታጠፉ የሚቆጣችሁ የለም፤ ማታ ቤታችሁ ገብታችሁ ጠዋት በንጹህ ጆሮ ትመለሳላችሁ። ከዚህ በታች የምጽፈው ያንን ጊዜ የት የት ላይ ማዋል እንዳለባችሁ ነው።

ትንሽ ስቱዲዮ አነስተኛ ሥራ ማለት አይደለም። የአሜሪካው ሮክ ባንድ ኒርቫና የመጀመሪያ አልበማቸውን ሲያትል ውስጥ፣ ሪሲፕሮካል በምትባል ትንሽ ስቱዲዮ፣ ከፕሮዲዩሰሩ ጃክ ኢንዲኖ ጋር ነው የቀዱት። ሂሳቡ 606 ዶላር ገደማ ነበር። ሌላው የአሜሪካ ባንድ ፉ ፋይተርስ ደግሞ ዓለም ካወቃቸው በኋላ፣ ማንኛውንም ስቱዲዮ መከራየት እየቻሉ፣ በ2011 እ.ኤ.አ. የወጣውን አልበማቸውን የባንዱ መሪ ዴቭ ግሮል ቤት ጋራዥ ውስጥ ነው የሠሩት።

ቀኑን ምረጡ

ይህን ብዙ ሰው ይንቀዋል። እኛ የመጀመሪያ ጊዜ ስንቀዳ ሐምሌ ነበር። ስቱዲዮው ቆርቆሮ ጣሪያ ነው። ድምፃዊያችን የአልበሙን ቀስ ያለ ዘፈን ይዞ፣ ሁለተኛው ስንኝ ላይ ሲደርስ፣ ዝናቡ ወረደ። በሄድፎን የሰማሁት እስከዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ፤ በሕይወቱ አሳምሮ የዘፈነው ያቺን ቴክ (አንድ ጊዜ የተቀዳ ሙከራ) ነበር፣ ከኋላዋ ግን በርሜል ላይ ጠጠር እንደሚበተን ያለ ድምፅ ተኝቷል። በምንም ማጽዳት አልተቻለም።

ስለዚህ ከጥቅምት እስከ የካቲት ባለው ደረቅ ወቅት ቅዱ። የበዓላትንም ቀን አስቀድማችሁ እዩ። እኛ ከተማ ታኅሣሥ 19 የገብርኤል ንግሥ ነው፤ ከተማው በእንግዳ ይሞላል፣ ማንም ቀረጻ አያስብም። ስቱዲዮው አጠገብ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ ካለ የማይክራፎን ሰዓቱን ጻፉና የድምፃዊውን ድምፅና ክራር የመሳሰለውን ለስላሳ ነገር ከዚያ ሰዓት ውጭ አድርጉ። በዚያ ሰዓት ቤዝ ጊታር በቀጥታ መስመር፣ ያለ ማይክ ገመዱን ሰክታችሁ ቅዱ። የውጭው ድምፅ ምንም አይገባበትም።

ስቱዲዮ ሳትገቡ መሠራት ያለበት

ከአልበሙ ግማሹ ሥራ እዚህ ነው። ልምምድ ክፍላችሁ ውስጥ ስልክ መሃል አስቀምጡና እያንዳንዱን ዘፈን ቅዱ። ማታ ቤት ሆናችሁ ስሙት። መግቢያው ረዝሟል? ሁለቱ ጊታሮች አንድ ቦታ ላይ ይጋጫሉ? ድራመሩ አዝማቹ ጋ ሲደርስ ይፈጥናል? ይህን ስቱዲዮ ውስጥ ማወቅ የለባችሁም።

ከዚያ ለእያንዳንዱ ዘፈን አንድ ወረቀት አዘጋጁ። ፍጥነቱ በቢፒኤም (በደቂቃ ስንት ምት)፣ ቅኝቱ፣ መነሻ ኖታው፣ የክፍሎቹ ቅደም ተከተል፣ ማን የት ይገባል። ግድግዳ ላይ ለጥፉት። "ሦስተኛው ላይ ነው ወይስ አራተኛው ላይ የምንገባው?" የሚል ክርክር ያኔ ይቀራል።

ቅኝቱ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የእኛ ሮክ የሚለየው እዚህ ነውና። ጃኖ ባንድ በ2012 እ.ኤ.አ. ከፕሮዲዩሰሩ ቢል ላስዌል ጋር ያወጡትን የሰማ ሰው፣ ሻካራ ጊታርና የእኛ ቅኝት አብረው መሄድ እንደሚችሉ ያውቃል። ግን ዝም ብሎ አይሄድም። የሮክ ጊታር በዲስቶርሽን (ድምፁን በሚያሻክረው) የሚመታው ፓወር ኮርድ መነሻው ኖታና አምስተኛው (ከዶ ከሆነ ሶል) ናቸው። ትዝታ፣ ባቲና አምባሰል ላይ ከመነሻው ኖታ ያ አምስተኛ አለ፤ ችግር የለም። አንቺሆዬ ላይ ግን የለም። ከዶ ብትነሱ ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል ፍላት፣ ላ ነው። ጊታሪስቱ ከልምድ ዶ እና ሶል አድርጎ ሲመታ ድምፃዊው ሶል ፍላት ላይ ነው፣ ይጣላሉ። ብዙ ባንድ "ድምፃዊው ቶን ይስታል" ይላል፤ የሳተው ኮርዱ ነው። መፍትሔው ፋ ላይ ወይም ሶል ፍላት ላይ ፓወር ኮርድ መሥራት ነው፤ አምስተኛቸው ቅኝቱ ውስጥ አለ። ወይም ዶ ላይ አራተኛውን፣ ዶ እና ፋ ምቱ። ጥርት ብሎ ይወጣል።

ክሊክም፣ በሄድፎን ፍጥነቱን የሚቆጥረው ምት፣ የራሱ ጉዳይ አለው። ችክችካ 6/8 ነው። ክሊኩን በ4/4 ትታችሁት ከሆነ ድራመሩ ከማሽን ጋር ሲታገል ይውላል። በአንድ ባር ሁለት ጊዜ ብቻ፣ ጠንካራዎቹ ምቶች ላይ እንዲመታ አድርጉት። ፍጥነቱን የምትወስኑትም ድምፃዊው እየዘፈነ እንጂ ጊታር ብቻ ይዛችሁ አይሁን። ግጥሙ የሚተነፍስበት ፍጥነት ነው ትክክለኛው። ክሊክ የሚገድለው ዘፈን ካለም ያለ ክሊክ ቅዱት። አንዳንዱ ዘፈን መፍጠንና መዘግየት ይፈልጋል።

ክፍሉ

የእንቁላል ካርቶኑን ከግድግዳው ላይ አውርዱት። እውነቴን ነው። ጥቂት ቀጭን ድምፅ ይቀንስ ይሆናል፣ ለቤዝና ለኪክ (በእግር ለሚመታው ትልቁ ከበሮ) ግን ምንም አይሠራም፣ ለእሳትም አደገኛ ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው። የ100 ኸርዝ ድምፅ አንዱ ሞገድ 3.4 ሜትር ገደማ ይረዝማል፤ እንዲህ ያለውን ሞገድ 5 ሳንቲ ሜትር ስፖንጅ አያቆመውም። ወፍራም ነገር ነው የሚያስፈልገው። የጥጥ ፍራሽ ካላችሁ አራቱ ማዕዘን ላይ፣ ከግድግዳው ትንሽ አርቃችሁ አቁሙት። መሬት ላይ ምንጣፍ፣ ከድራመሩ ጀርባ ብርድ ልብስ ወይም ጋቢ ድርብርብ። ግን ሁሉንም አታፍኑት! ድራም አየር ይፈልጋል፣ አንድ ግድግዳ ባዶውን ይሁን።

ክፍሉን የምትፈትሹት በጭብጨባ ነው። መሃል ቆማችሁ አጨብጭቡ። "ትርርር" የሚል ጅራት ከሰማችሁ ሁለት ባዶ ግድግዳዎች ፊት ለፊት እየተቀባበሉ ነው፤ አንዱን ሸፍኑ።

መብራት

እዚህ አገር ስለ ቀረጻ ጽፎ መብራትን መዝለል አይቻልም። ላፕቶፑና ኦዲዮ ካርዱ ዩፒኤስ ላይ ይሰኩ። ዩፒኤሱ ዘፈኑን እንዲያስጨርስ አይጠበቅበትም፤ ሴቭ አድርጎ በሥርዓት ለመዝጋት ከበቃ በቂ ነው። ሶፍትዌሩም በየ2 ደቂቃው ራሱ ሴቭ እንዲያደርግ አስተካክሉት። በአንድ ከሰዓት በኋላ 40 ደቂቃ ሙሉ የሠራነው ሲጠፋ የቤዙን ገመድ ይዤ ጨለማ ውስጥ ቆሜ ነበር፣ ያን ስሜት ለማንም አልመኝም።

ሌላው "እምምም" የሚለው ድምፅ ነው። የእኛ መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ ድምፁ በ50፣ በ100ና በ150 ላይ ይቀመጣል፤ ልክ ቤዝና ኪክ የሚኖሩበት ቦታ። ምንጩን አንድ በአንድ ፈልጉ። ፍሪጁን ንቀሉ፣ የስልክ ቻርጀሮችን አውጡ፣ አምፕና ላፕቶፑን ከአንድ ሶኬት መስመር አድርጉ። ሲንግል ኮይል (ድምፅ ተቀባዩ አንድ ጥቅል ሽቦ የሆነ) ጊታር የያዘው ልጅ ወንበሩ ላይ ቀስ እያለ ይዙር፤ ድምፁ የሚጠፋበት አቅጣጫ አለ፣ እዚያ ሆኖ ይቅዳ። አንድ ነገር ግን በፍጹም አታድርጉ፦ ድምፁ እንዲጠፋ ብላችሁ የመሬት ሽቦውን አትቁረጡ። አምፕ ሰው ይገድላል።

ጄኔሬተር ላይ ጊታርና የድምፃዊውን ድምፅ አትቅዱ። በዚያ ሰዓት ቴክ መምረጥ፣ ፋይል ማደራጀት ይቻላል።

ሶፍትዌሩን ማሰናዳት

24 ቢት፣ 48 ኪሎ ኸርዝ። ድምፁ ሲጮህ -12 እና -6 ዴሲቤል መካከል ይድረስ፤ ቀዩ አይነካ። 24 ቢት ላይ ዝቅ አድርጎ መቅዳት ምንም አይጎዳም። ስትቀዱ በፈሩን (ኮምፒውተሩ ድምፁን አጠራቅሞ የሚያሳልፍበትን መጠን) 64 ወይም 128 አድርጉ፣ ካልሆነ ድምፃዊው ራሱን ዘግይቶ ይሰማል። ሚክስ ላይ ከፍ አድርጉት።

ቦታውንም አስሉት። በዚህ ልክ አንድ ትራክ በደቂቃ 8.6 ሜጋባይት ይወስዳል። 16 ትራክ፣ የ5 ደቂቃ ዘፈን፣ አንድ ቴክ 690 ሜጋባይት ገደማ ነው። አሥር ቴክ ብታስቀሩ በአንድ ዘፈን 7 ጊጋ። በየቀኑ ማታ ወደ ሌላ ሃርድ ዲስክ ይገልበጥ፤ ሁለተኛው ዲስክ ደግሞ ስቱዲዮው ውስጥ አይደር። የእኛ እህቴ ቤት ነው የሚያድረው።

ድራም፦ ጊዜያችሁን እዚህ አፍስሱት

የሮክ አልበም ድምፁ ድራሙ ነው። ቆዳዎቹን ከቀረጻው አንድ ቀን በፊት ቀይሩ፤ ሌሊቱን ይለጠጣሉ፣ ጠዋት እንደገና ቃኟቸው። አዲስ ቆዳ ማግኘት ካልተቻለ ቢያንስ የስኔሩን። እያንዳንዱ ብሎን አጠገብ በጣት መታ መታ አድርጉና ሁሉም አንድ ዓይነት ኖታ እስኪሰጥ አስተካክሉ። የፔዳሉን ሲጥሲጥታ ዘይት ጠብ አድርጉበት። ይህ ሁሉ ያለ ምንም ማይክ ነው። ድራሙ ክፍሉ ውስጥ ቆማችሁ ስትሰሙት ደስ ካላለ፣ ማይክ አያሳምረውም።

አሁን ማይክ። ስምንት ማይክ የላችሁም፤ አያስፈልግም። የሮክ ባንዱን ሌድ ዘፔሊንን የቀዳው እንግሊዛዊው ኢንጂነር ግሊን ጆንስ በአራት ማይክ የሚሠራበት መንገድ አለ፣ እኛም በእሱ ነው የምንሄደው። አንዱ ማይክ ከስኔሩ በላይ 1 ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ ወደ ታች ያያል። ሁለተኛው በወለል ቶሙ (መሬት ላይ በሚቆመው ከበሮ) በኩል፣ ከቶሙ ጥቂት ከፍ ብሎ፣ ድራሙን አቋርጦ ወደ ሃይሃቱ (በእግር ወደሚከፈተውና ወደሚዘጋው ጥንድ ጸናጽል) ያያል። ሦስተኛው ኪኩ ፊት፣ አራተኛው ስኔሩ ጠርዝ ላይ።

ቁልፉ ሁለቱ ትላልቅ ማይኮች ከስኔሩ መሃል እኩል መራቃቸው ነው። ሜትር አትፈልጉ፤ ክር በቂ ነው። ድራመሩ የክሩን ጫፍ በአውራ ጣቱ ስኔሩ መሃል ይጫነው። አንድ ሰው ክሩን ወጥሮ እስከ መጀመሪያው ማይክ ያድርስና ቦታውን በጣቱ ይያዝ። ከዚያ ሳይለቅ ክሩን ወደ ሁለተኛው ማይክ ያዙረው። ጣቱ ያለበት ቦታና የማይኩ አፍ መገናኘት አለባቸው። ካልተገናኙ ማይኩን አንቀሳቅሱ፣ ክሩን አትለጥጡ። ድምፅ 34 ሳንቲ ሜትር ለመሄድ 1 ሚሊሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል፤ አንዱ ማይክ ያንን ያህል ከዘገየ ስኔሩ ሆዱ ይጠፋና ቆርቆሮ ይሆናል።

ከዚያ ሞገዱን የምትገለብጠውን የፌዝ ቁልፍ፣ ያቺን ክብ ላይ ጭረት ያለባትን፣ በእያንዳንዱ ማይክ አንድ በአንድ ተጫኑ። በተጫነና ባልተጫነ መካከል ወፍራሙን ምረጡ። አምስት ደቂቃ አይፈጅም፤ ብዙዎች ግን ይዘሉታል።

ሲቀዳ ባንዱ አብሮ ይጫወት። ቤዙና ጊታሩ ቀጥታ መስመር ገብተው በሄድፎን ይሰሙ፣ ድምፃዊውም ለመሪነት ይዝፈን፤ የእሱ በኋላ ይደገማል። ድራመር ብቻውን ከክሊክ ጋር ሲጫወት ትክክል ይሆናል እንጂ አይሞቅም። ቀድሞ አዲስ አበባ ላይ በሸክላ ዘመን ባንዶቹ በአንድ ክፍል፣ በጥቂት ማይክ፣ አንድ ላይ ነበር የሚጫወቱት፤ ዛሬም ስንሰማቸው የሚያንቀጠቅጠን ያ አንድነት ነው። በአንድ ዘፈን ሦስት አራት ሙሉ ቴክ ውሰዱ። ስድስተኛው ላይ ካልመጣ ዘፈኑን ተዉት፣ ምሳ ብሉ፣ ሌላ ዘፈን ጀምሩ።

ቤዝና ጊታር

ቤዝ ቀጥታ መስመር፣ ከተቻለ አምፕም ጭምር። ሁለቱን ስትደምሩ ሞገዶቹን አጉልታችሁ እዩና የዘገየውን ሳብ አድርጋችሁ አገናኙ።

ጊታር ላይ የሁሉም ባንድ ስህተት አንድ ነው፤ ዲስቶርሽን ይበዛል። መድረክ ላይ ከምትጠቀሙት በሲሶ ቀንሱ። ስትደርቡት ይወፍራል። ማይኩን፣ ለምሳሌ ኤስኤም 57፣ ስፒከሩ ጨርቅ ጋ አስጠጉት። መሃል ለመሃል ከሆነ ይሾላል፣ ወደ ጠርዝ ከሸሸ ይለዝባል፤ ሄድፎን አድርጋችሁ ሌላ ሰው በጣት ስፋት በጣት ስፋት ያንቀሳቅስላችሁ። ሪትም ጊታሩን ሁለት ጊዜ እንደ አዲስ ተጫወቱትና አንዱን ግራ ሌላውን ቀኝ አድርጉ። አንዱን ገልብጦ መለጠፍ አይሠራም፤ ስፋቱ የሚመጣው ከሁለቱ እጅ ጥቃቅን ልዩነት ነው። የጊታሩ ክር አዲስ ይሁን፣ ቴክ በተጀመረ ቁጥር ይቃኝ።

ድምፅ

ድምፃዊውን በቀን ከሁለት ዘፈን በላይ አታዘፍኑት። ማይኩ ከአፉ 15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ይራቅ፣ መሃሉ ላይ ክብ ሽቦ ላይ የተወጠረ ስስ የሴት ስቶኪንግ ለ"በ" እና ለ"ፐ" ይበቃል። ጠ፣ ጨ፣ ጸ፣ ቀ ግን ሌላ ጠባይ አላቸው። ከሳንባ በሚወጣ አየር ሳይሆን ጉሮሮ ተዘግቶ ነው የሚፈነዱት፤ ስቶኪንጉ አያስቆማቸውም። ኮምፕረሰር (ጩኸቱን ዝቅ እያደረገ የሚያመጣጥነው) ላይ ጠብ ሲሉ የሚከተላቸውን ቃል ይዘው ይሰምጣሉ። ቃሉ ላይ ገብታችሁ ያችን ነጥብ ብቻ በእጅ ዝቅ አድርጉ። አሰልቺ ሥራ ነው፣ ግን ግጥሙ ይሰማል።

ግጥም ካልኩ፣ ማጥበቅና ማላላትን አደራ። ዜማው ቃሉን ሲጎትት ትርጉሙ ይገለበጣል። "ይመታል" ሲላላ ዱላው በእጁ ነው፣ ሲጠብቅ ዱላው በጀርባው ነው። "ገና" ሲላላ አልደረሰም፣ ሲጠብቅ በዓል ነው። ሮክ ላይ ሲጮህ ይህ ይጠፋል። ባንዱ ውስጥ የሌለ አንድ ሰው ጋብዙና ግጥሙን ሳታሳዩት አሰሙት፣ የሰማውን ይጻፍ። የተሳሳተበትን ቃል እንደገና ዝፈኑ። ሰምና ወርቅ ካለበት ደግሞ ሁለት ጊዜ አጣሩ።

ኦቶ ቲዩን (ቶን የሚያርመውን ሶፍትዌር) ከተጠቀማችሁ ዝም ብላችሁ ሜጀር ብላችሁ አትክፈቱት። የቅኝቱን አምስት ኖታዎች ብቻ አስገቡ፣ ፍጥነቱንም አዘግዩት። ካልሆነ ያንን የድምፅ እርግብግቢት፣ እኛን እኛ የሚያደርገንን፣ ደረጃ በደረጃ ይቆራርጠዋል።

ክራር ወይም ማሲንቆ የሚገባ ከሆነ ወደ ጊታሩ ይቃኙ፣ ጊታሩ ደግሞ ላ 440 ኸርዝ ሆኖ ይቃኝ። ማሲንቆን 30 ወይም 40 ሳንቲ ሜትር ርቃችሁ ቅዱ፤ ቀረብ ካላችሁ የጭራው ፍትጊያ ብቻ ነው የሚገባው። ዘፈኑ ካልጠየቀው ግን አታስገቡት።

ሚክስ

ቀረጻው ካለቀ በኋላ አንድ ሳምንት አትስሙት። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጋችሁ ጀምሩ፤ ጎን ለጎን ማውራት በምትችሉበት ልክ። መጀመሪያ ድራምና ቤዝ፣ ቀጥሎ የድምፃዊው ድምፅ፣ ጊታሩ በመጨረሻ። ጊታሪስቶች አይወዱትም፣ ግን ጊታር ባዶ ቦታ ሁሉ የሚሞላ ነገር ስለሆነ ለሌሎቹ ቦታ ከተገኘ በኋላ ይግባ። ሞኖ (ግራና ቀኙን አንድ) አድርጋችሁም ስሙ። ከዚያ ፋይሉን ስልክ ላይ ጫኑና ባጃጅ ውስጥ አስከፍቱ። የእኛ አድማጭ እዚያ ነው የሚሰማው። ባጃጅ ውስጥ ቃሉ ከተሰማና ስኔሩ ከመታ ተሳክቷል።

ለማስተሪንግ (ለመጨረሻው የድምፅ ማስተካከያ) ስትልኩ ጫፉ -6 ዴሲቤል አካባቢ ይሁን፣ ሚክሱ ላይ ሊሚተር (ጫፉን የሚገድብ) አይኑር። ከተቻለ ማስተሪንጉን ሌላ ሰው ይሥራው፤ እናንተ አሁን መስማት አትችሉም። እንዲጮህ ብላችሁ አትጨፍልቁት፤ ስፖቲፋይ በነባሪ ሁሉንም ወደ -14 ሉፍስ (የጩኸት መለኪያ ነው) ነው የሚያወርደው፣ ስለዚህ የተጨፈለቀው ዘፈን ይወርዳል እንጂ አይበልጥም።

ወረቀቱና ፋይሎቹ

ፍቅር እያለ ጻፉት። ለእያንዳንዱ ዘፈን ግጥም የማን፣ ዜማ የማን፣ ቅንብር የማን፣ በመቶኛ ስንት ስንት። ሁሉም ይፈርም። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 ዓ.ም. የደራሲው የኢኮኖሚ መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይቆያል፤ ልጆቻችሁን ሁሉ የሚነካ ነገር ነው። አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ሄዳችሁም አስመዝግቡ። አከፋፋዩ ለእያንዳንዱ ዘፈን የሚሰጣችሁን ባለ 12 ፊደልና ቁጥር የአይኤስአርሲ ኮድ (የቀረጻው መለያ) ከውሉ ጋር አያይዙት።

በመጨረሻ እያንዳንዱን ትራክ ከዜሮ ሰከንድ ጀምሮ እስከ ዘፈኑ ማብቂያ ድረስ ሙሉ ዌቭ ፋይል አድርጋችሁ አውጡ። የዛሬው ሶፍትዌር ከአሥር ዓመት በኋላ ላይከፈት ይችላል፤ ዌቭ ግን ይከፈታል። ፎልደሩ ላይ የዘፈኑን ስም፣ ቢፒኤሙንና ቅኝቱን ጻፉና ሁለት ዲስክ ላይ ገልብጡ። አንዱ ስቱዲዮ፣ አንዱ እህቴ ቤት፣ ቁም ሣጥኑ ላይ፣ በፌስታል ተጠቅልሎ።